በእኔ ልክ፣ በእሷ ስም

የበዓል ገበያን ቀድሞ የሚገዛ ወንድ ወይ አስተዋይ ነው፣ ወይ የሚደብቀው አለው። አምለሰት አስተዋይ ነው ብላ ያዘች። ልብ ከፈቀደ ዓይን ምን አባቱ ያደርጋል? ሌላውን አላየችውም።

የደመራው አመድ ገና ሳይበርድ ነበር ነአምን መገናኛ ወዳለው የአበሻ ልብስ ሱቅ ብቅ ያለው። ሱቁ የእትዬ ጂቱ ነው። እትዬ ጂቱ ይሰፋሉ፣ አምለሰት ትለካለች፣ ትሸጣለች፣ ሥራ ሲበዛ ደግሞ መርፌውን እሷም ታነሳለች። ልጁ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ የመሥሪያ ቤት መታወቂያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገባና፣

«ለገና ስጦታ ነበር የፈለግኩት» አለ።

እትዬ ጂቱ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው ሳቁበት። «ገና እኮ ገና ነው የኔ ልጅ! ምነው፣ ነገ ነው አሉህ?»

«አውቃለሁ። በታኅሣሥ ማለቂያ ገበያው እሳት ስለሚሆን ነው። ደሞዝ በወጣ ቁጥር የአንድ የአንድ ሰው እገዛለሁ። በዓሉ ሲደርስ ሌላው ሲራወጥ እኔ እግሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ።»

«ይኸው፣ እንዲህ ነው ወንድ!» አሉ እትዬ ጂቱ ወደ አምለሰት ዞረው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ነው። ያንቺዎቹ የሰፈር ጎረምሶች እኮ ዶሮ የሚገዙት ዶሮዋ ከተሸጠች በኋላ ነው።»

አምለሰት ሳቀች። ልጁ ስትስቅ አያት። ነገሩ ሁሉ ከዚያ ሳቅ ጀመረ።

በመጀመሪያው ደሞዝ የአባቱን ጋቢ ገዛ። በሁለተኛው የእናቱን ቀሚስ። በመሃሉ ደግሞ የማይገዛውን ልጠይቅ እያለ፣ ይሄ ጥለት ይለቃል አይለቅም እያለ፣ ሰበብ እየፈጠረ ይመጣል። ጥለት የሚለቅ መስሎት እንዳልሆነ እትዬ ጂቱም ያውቃሉ፣ የሱቁ ዘበኛም ያውቃል። ከሥራ ስትወጣ ይጠብቃታል። ቤቷ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ታክሲው እምቢ ካለበት፣ ኮብልስቶኑም ካለቀበት፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ነው። እሱ የሲ.ኤም.ሲ ልጅ ነው፤ ግቢያቸው ዘበኛ ያለው፣ መኪናው ከደጅ የማያድር። ቢሆንም ጫማው በአቧራ እየነጣ ዳገቱን አብሯት ይወጣል። በጥቅምት አንድ እሁድ ቤቷ ድረስ ገብቶ ከአባቷ ከአቶ ገላው ጋር ማዕድ ቆረሰ። ስለ ገብሱ ጠየቃቸው፣ ስለ ላሚቱ ጠየቃቸው። ሲወጣ አቶ ገላው «ይሄስ የሰው ልጅ ነው» አሉ። እሳቸው ይህን ቃል እንዲሁ አይጥሉትም።

የዚያን ለት፣ ቁልቁል ስትሸኘው ነው እንዲህ ያላት።

«አምሊዬ፣ አባትሽ ሽማግሌ የሚቀበሉት በየትኛው ቀን ነው? ቅዳሜ ይሻላቸዋል እሁድ?»

«እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ» አለችው።

«ጥምቀት ይለፍና» አለ። በቃ። ሌላ አልጨመረም። እሷም ሌላ አልጠየቀችም፤ ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

በሦስተኛው ደሞዝ ደግሞ፣ ተራው የእህቴ ነው ብሎ መጣ።

አምለሰት ሜትሩን ከአንገቷ ላይ አውርዳ፣ «ልኳ ስንት ነው?» አለችው።

አያት። ከላይ እስከ ታች ሳይሆን ዓይኖቿ ላይ ቆየ። «ልኳ ልክሽ ነው» አለ።

«በዓይን ይለካል እንዴ?»

«እኔ ያየሁትን አልረሳም።»

በራሷ ልክ ሰፋችው። ወርቃማ ጥለት፣ ወገቡ ላይ ጠበብ ያለ፣ እጀታው እስከ አንጓ የሚደርስ። ሲያልቅ ለብሳ እንድታሳየው ለመናት። ከመጋረጃው ጀርባ ወጣችና ቆመች።

«ባታወልቂው» አለ ነአምን።

«ካላወለቀችው ሂሳቡ ይጨምራል» አሉ እትዬ ጂቱ ከወዲያ። ሁሉም ሳቁ። እሱ ግን ቶሎ ዞረ፤ ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ። ያን ነገር አምለሰት ፍቅር ብላ ተረጎመችው። ኀፍረት ነበር።

እስቲ የእህቱን ወገብ በዓይኑ የሚያውቅ ወንድም የት አገር ነው ያለው? «እህቴ» ያለው ለሰበብ ነው አለች በልቧ፤ ቀሚሱ የእኔ ነው፣ ሰርፕራይዝ ሊያደርገኝ ነው። ለእትዬ ጂቱ ነገረች። እሳቸውም «እኔስ ምን አልኩሽ!» አሉ። ከዚያ ወዲህ እሷም ቀድማ መግዛት ጀመረች። ገና ላልገባችበት ቤት፣ ገና ላልሆኗት አማቾች። ጠዋትና ማታ ታክሲውን ትታ በእግሯ ሄደች፤ ምሳዋን በበቆሎ ተወጣችው። ለአባቱ ከዘራ ገዛች። ለእናቱ ሳሳ ያለች፣ ጥለቷ የሰማይ ቀለም የመሰለች ነጠላ መረጠችና ሱቁ ውስጥ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ጠቅልላ አስቀመጠች። በመሸ ጊዜ ትፈታታለች፣ በጣቷ ትዳስሳታለች፣ መልሳ ትጠቀልላታለች። ሰው በደስታው ጊዜ እንዴት ሞኝ ያምርበታል!

*

በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለት ሴቶች ገቡ። አንደኛዋ ጠና ያሉ፣ ወርቅ ያሰሩ፣ ሲናገሩ ትእዛዝ የለመዱ ሴት ናቸው። ሌላዋ ለጋ፣ ደማም፣ ሳቂታ ልጅ ናት። ሴትዮዋ ከላስቲክ ውስጥ አንድ ቀሚስ አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

አምለሰት ቀሚሱን አወቀችው። የገዛ ስፌቷን የማያውቅ ማን አለ?

«ከእናንተ ቤት ነው የተሰፋው መሰለኝ» አሉ ሴትዮዋ ላስቲኩ ላይ ያለውን የሱቁን ስም እያሳዩ። «ወገቡ ጠቧታል። ሰርጉ ለጥር ስለሆነ ከወዲሁ ይስተካከል ብለን ነው።»

«የምን ሰርግ?» አለች አምለሰት። ድምጿ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ መሰላት።

«የልጄ ነዋ። ነአምን ይባላል። ይሄ እኮ ጥሎሹ ነው፤ እሷ ሥርጉት ናት፣ ሙሽራዋ። ጨረፍ አድርጋ እንድትለካው ብዬ በስርቆሽ ነው ያመጣኋት፤ ሙሽራ ጥሎሿን ቀድማ ማየቱ እንኳ ደግ አይደለም። ግን አልሆናትም ቢባል በሰው ፊት ማፈር ነው።»

እትዬ ጂቱ የስፌት መኪናውን ፔዳል ለቀቁ።

«ለእህቱ ነው ብሎን ነበር» አለች አምለሰት።

የነአምን እናት፣ ወይዘሮ ማዕረግ፣ ሳቁ። «እህት? ነአምን እህት የለውም። ሦስት ናቸው፣ ሦስቱም ወንዶች። እንዲህ እያለ ነው እንዴ የገዛው? አፍሮ ነው! እሷን ደግሞ እህቴ ሲል ነው ያደገው፣ ግቢያችን በአንድ አጥር ነው የሚዋሰነው።»

«ልኬን ከየት እንዳመጣው ነው እኔን የገረመኝ» አለች ሥርጉት እየሳቀች። «ማንን ለክቶ እንደሆነ እንጃ! ይቺን ወገብ ያላት እኮ እሷ ናት» ብላ አምለሰትን አሳየች። ተንኮል የለባትም። ቀልድ ነበር። በቀልድ የተወረወረ ድንጋይ ግን ከድንጋይነቱ አይጎድልም።

አምለሰት ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። እትዬ ጂቱ ተነስተው፣ «ተይው፣ እኔ እለካታለሁ» አሉ። እጃቸው ክንዷን ያዘ።

«ሥራዬ ነው እትዬ» አለችና ሥርጉት እግር ሥር ተንበረከከች።

«እህቴ፣ እባክሽ ትንሽ ላላ አድርጊልኝ» አለቻት ሥርጉት ከላይ። «እንጀራ እወዳለሁ፣ ምን ላድርግ?»

እህቴ። በዚህ አገር ታክሲ ረዳቱም እህቴ ይላል፣ ለማኙም እህቴ ይላል። ቃሉ ለሁሉ ይበቃል፤ ስለዚህ የማንም አይደለም። ነአምን ከቃል ሁሉ መርጦ ይህችን ሰፊ ቃል ወሰደና ከሥሯ ተደበቀ። አምለሰት ሜትሩን በሙሽራዋ ወገብ ዙሪያ አሳለፈችና ቁጥሩን አየች። አላነበበችውም። ዳግመኛ አየች።

የራሷን ስፌት በራሷ እጅ ፈታች። በልኳ የሰፋችውን ጨርቅ ለሌላ ልክ ለቀቀችው። ክሩ ሲበጠስ ድምፅ የለውም፤ ለእሷ ግን ድምፅ ነበረው።

ሴቶቹ ሲጠብቁ ወይዘሮ ማዕረግ መደርደሪያውን እየቃኙ ያቺን ነጠላ ጎተቱ። «ውይ፣ ይቺ ደግሞ ምን የመሰለች ናት! ዋጋዋ ስንት ነው?»

«የተሸጠች ናት» አሉ እትዬ ጂቱ ቆጣ ብለው።

አምለሰት መርፌውን አልለቀቀችም። «ገዢዋ ትታታለች። ይውሰዷት እማማ።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መስታወት ፊት ዞር ዞር አሉ። አማረባቸው። ልክ አምለሰት በሌሊት ሐሳቧ እንዳየችው አማረባቸው።

«የመረጠቻት ሰው ዓይን አላት» አሉ።

«ነበራት» አለች አምለሰት።

ሲወጡ እትዬ ጂቱ በሩን ገርበብ አደረጉና፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ነይ አልቅሺ» አሏት። ዓይኗ ግን ደረቅ ነበር፤ እንባው ወደ ውጭ የሚወጣበት መንገድ ጠፍቶት ወደ ውስጥ ፈሰሰ።

*

በማግስቱ እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ ነአምን ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ጫካ ጠበቃት። እናቱ ማታ ቀሚሱን ስላሰፋችላቸው ልጅ ሲያወሩ ሰምቶ ነው የመጣው። መልኳን ነገሩት፣ እሱም ማንነቷን ያውቃል። መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ፣ በእግሩ ወጥቶ፣ አንድ ባሕር ዛፍ ተደግፎ ቆሟል።

«ለሥርጉት ነግረሻታል?» አለ፣ ከሁሉ አስቀድሞ።

አምለሰት ነጠላዋን አጠበቀችና አየችው። «እንደምን አደርሽ ይባላል፤ ሌላው ቢቀር።»

«አምሊዬ…»

«አልነገርኳትም። እሷ ምን አደረገችኝ? የምትነግራት አንተ ነህ።»

ትከሻው ረገብ አለ። ያን የትከሻ መርገብ አየችው፣ ከልቧም አንድ ነገር አብሮት ወረደ።

«ለእህቴ ነው ያልኩሽ ውሸት አይደለም» አለ። «ከልጅነቴ ጀምሮ እህቴ ስላት ነው ያደግኩት።»

«እህትህን ነው የምታገባው? እኛ ጋራው ላይ ያለን ሰዎች ፊደል ባንቆጥር እንኳ እህት አናገባም።»

«ቤተሰብ የቆረጠው ነገር ነው። አባቴና አባቷ ቃል ተጋብተዋል። ለማን እምቢ ልበል? አባቴን አታውቂውም።»

«አባትህን አላውቅም። አንተ ግን አባቴን ታውቃለህ።»

ነአምን መሬቱን አየ። «ስሚኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ሱቁ የገባሁት ለእሷ ልገዛ ነው። አንቺን አየሁ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ እኔ እኔ አይደለሁም። ብነግርሽ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«መሄድ አለመሄዱን ለእኔ ብትተወው ምን ነበረበት? ሽማግሌ የሚቀበሉት በየትኛው ቀን ነው ያልከኝስ? ያም ፍርሃት ነው?»

«ያን ስጠይቅሽ ከልቤ ነበር። እምቢ ልላቸው ወስኜ ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል።»

«ከዚያስ?»

ነፋሱ ቅጠሉን አንኮሻኮሸው።

«ከዚያስ ነአምን?»

«ከዚያ… የጥሪ ካርዱ ታተመ።»

አምለሰት የሰማችውን ለማመን ጊዜ ወሰደባት። ሞት መጣብኝ ቢል፣ ታሰርኩ ቢል፣ አፈዘዙኝ ቢል ይሻል ነበር። ካርድ ታተመ! አንድ ሙሉ ፍቅር በማተሚያ ቤት ወረቀት ተረታ።

«ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር» አለችው በዝግታ። «ክፉን ሰው ጠልቶ ይገላገለዋል። ፈሪን ምን ያደርጉታል?»

ተጠጋትና እጇን ያዘ። እሷም፣ ወዮላት፣ ወዲያው አልነጠቀችውም። እጁ የለመደችው እጅ ነው።

«አልተውሽም አምሊዬ። ሁሉንም ቀድሜ አስቤበታለሁ። መሪ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ላይ አንድ ቤት አይቻለሁ፤ እከራይልሻለሁ። ዳገቱም ይቀርልሻል፣ የሱቁም ሥራ ይቀርልሻል። እኔ እየመጣሁ… ምንም አይጎድልብሽም። እመኚኝ፣ አንቺንም በጀት ውስጥ ይዤሻለሁ።»

ሳቀች። ሳቁ ከየት እንደመጣ ራሷም አታውቅም፤ ጫካው ውስጥ ቅጠል የሚጠርጉ ሴቶች ዞር ብለው እስኪያዩ ድረስ ሳቀች። ይህን ልጅ አስተዋይ ነው ያለችበት አፏ አሳፈራት። ለአባት ጋቢ፣ ለእናት ቀሚስ፣ ለሚስት ጥሎሽ፣ ለውሽማ ደግሞ የቤት ኪራይ! ሁሉን በጊዜ፣ ገበያው ሳይንር።

«እስቲ ንገረኝ» አለችው እጇን እያወጣች። «ከማን ቀጥሎ ነው የያዝከኝ? ከጋቢው በፊት ነኝ፣ በኋላ?»

«እንዲህ አትበይ። እወድሻለሁ እኮ!»

«አውቃለሁ። እኔም እወድሃለሁ። የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።» ነጠላዋን መልሳ አጣፋች። «ቀሚሱን ስለካ በልኬ የተሰፋ ሕይወት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ለካ መስፈሪያህ ነበርኩ። አሁን አንተም ልክህን እወቅ፤ ከእንግዲህ ይህን ዳገት እንዳትወጣ።»

«አምሊ!»

ዞር አላለችም። ቢጠራኝ አልዞርም ብላ ነበር ዳገቱን የጀመረችው፤ እንደገና ሳይጠራት ሲቀር ግን ያኛው ይበልጥ አመማት።

*

አቶ ገላው የዘወትር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው የፊት ለፊቱን ግድግዳ ኖራ ይቀባሉ። በሰንበት ሥራ አይነኩም ነበር፤ ቀኑ ደረሰ ብለው ነው፣ እግዜር ይቅር ይለኛል ብለው። ቀና ሲሉ ልጃቸውን አዩና ፊታቸው ፈካ።

«መጣሽ? አባ ወልደ ኢየሱስን አገኘኋቸው። ሽማግሌዎቹ የመጡ ለት እኔ ከጎንህ እቀመጣለሁ አሉኝ። የነፍስ አባት አለው ይበሉን እንጂ! ከሲ.ኤም.ሲ ለሚመጣ ሰው እንግዲህ ጭቃ ግድግዳ አያሳዩትም። ስንት ሆነው ይመጣሉ አለሽ?»

አምለሰት መንገዱን ሙሉ ስታሰናዳ የመጣችው ቃል ነበር። አለዝባ፣ አጣፍጣ ልትነግራቸው ነበር። አፏን ስትከፍት ግን አንዱም አልተገኘም።

«አባዬ፣ አይመጡም።»

«ቀኑን አዛወሩት?»

«ሌላ ያገባል። ጥር ላይ ነው ሰርጉ።»

ብሩሹ ከኖራው ባልዲ አፍ ላይ ቆመ። አቶ ገላው አልጮሁም። ምን ብለሽው ነው አላሉም፣ ምን አጉድለሽ ነው አላሉም። ለጎረቤቱ፣ ለዕድሩ፣ ለነፍስ አባታቸው የነገሩት ሁሉ በፊታቸው ላይ ሲያልፍ ታያት። ነገ ደጁን ሲወጡ «ሽማግሌዎቹ ደረሱ ወይ?» የሚላቸው ስንት ሰው አለ! ቀስ ብለው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ።

«ያ ልጅ ነው?» አሉ። «እዚህ ቁጭ ብሎ ስለ ላሚቱ የጠየቀኝ?»

«እሱ ነው።»

«አባባ ያለኝ?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

አቶ ገላው ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው አዩት። በኖራ ነጥቷል፤ የማረሻ እርፍ ያጎበጠው፣ ጥፍሩ የተሰነጠቀ እጅ ነው። የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ ተገርመው ቆዩበት።

«በዚህ እጄ እኮ አጉርሼዋለሁ» አሉ። «እናትሽ ከሞተች ወዲህ ሰው አላጎረስኩም ነበር። አንዴ አጎረስኩት። ደገምኩት። ሁለት ጉርሻ ያጣላል ብሎ ሦስተኛ የጠየቀኝ እሱ ነው። ሦስት አጎረስኩት።»

በሱቁ ወለል ላይ ተንበርክካ ያላለቀሰችው፣ በጫካው ውስጥ በፍቅረኛዋ ፊት ያላለቀሰችው አምለሰት፣ ያን በኖራ የነጣ እጅ ይዛ ደፉ ላይ ወደቀችና አለቀሰች። ለራሷ አልነበረም። እሷንማ ያታለላት ጎረምሳ ነው፤ ይህ በስንቷ ላይ ደርሷል፣ ይድናል። ፈሪ ነው ብላ፣ ወጣት ነው ብላ፣ አንድ ቀን ትተወው ይሆናል። ከጋራው ሽማግሌ እጅ ጎርሶ፣ እያወቀ፣ እየሳቀ የዋጠውን ግን ይቅር የሚል ልብ በውስጧ ፈለገች። ፈለገች። አጣችው።